ማን ምን ማንበብ ይችላል? በእጄ የገነባሁትን ሊኑክስ በዩኢኤፍአይ ስለማስነሣት

ከምንጭ ኮድ አንድ በአንድ የሚገነባ የሊኑክስ ሥርዓት የመጨረሻ ሥራው ከሁሉም ትንሹ ይመስላል። ኮምፓይለሩ ተሠርቷል፤ የሲ ላይብረሪው በቦታው ገብቷል፤ ሼሉ ትእዛዝ ይቀበላል፤ የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ከርነሉም ኮምፓይል ተደርጎ (ከምንጭ ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም ተቀይሮ) አንድ ፋይል ሆኖ ወጥቷል። የሚቀረው ኮምፒውተሩ ሲበራ ያን ፋይል ፈልጎ እንዲያገኝና እንዲያስነሣ ማድረግ ብቻ ነው። ሳምንታት ከፈጀ ግንባታ በኋላ እዚህ ደረጃ ስደርስ አንድ ምሽት ይበቃል ብዬ አስቤ ነበር። አራት ምሽት ወሰደ። በእነዚያ አራት ምሽቶች ስለ ኮምፒውተሬ የተማርኩት ግን በቀደሙት ሳምንታት ሁሉ ከተማርኩት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ዩኢኤፍአይ ፈርምዌሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው በማዘርቦርዱ ውስጥ ያለ ሶፍትዌር፣ የሚከተለው አሠራር ነው፤ በእርሱ መነሣት እንደ ዱላ ቅብብል ሩጫ ነው። ፈርምዌሩ ከርነሉን ለሚጭነው ፕሮግራም ለቡትሎደሩ፣ ቡትሎደሩ ለከርነሉ፣ ከርነሉ ደግሞ በዋናው የፋይል ሥርዓት ላይ ለተቀመጠው የመጀመሪያ ፕሮግራም ያቀብላል። አራቱም ዲስኩን ያነባሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የሚያነበው በራሱ ፊደል ነው። አንዱ አዘውትሮ የሚጠራበትን ስም ሌላው ጭራሽ ሰምቶት አያውቅም። ያጋጠመኝ ስሕተት ሁሉ፣ መልኩ ምንም ያህል ቢለያይ፣ አንዱ ሯጭ ሊያነብበው የማይችለውን ነገር አንብብ ከማለት የመጣ ነበር። ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ስለሆነ ነገሩን በደረሰበት ቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ።

የአሮጌው ባዮስ ንባብ እጅግ ጠባብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ከአይቢኤም ፒሲ ጋር የመጣው ይህ ፈርምዌር ፋይል የሚባል ነገር አያውቅም። የዲስኩን የመጀመሪያ ሴክተር፣ ማለትም 512 ባይት፣ ወደ ሜሞሪ ይጭንና ሥራውን ለዚያ ይለቃል። ኤምቢአር በተባለው አሮጌ የዲስክ አከፋፈል ከእነዚያ 512 ባይቶች 446ቱ ለማስነሻው ኮድ፣ 64ቱ ለአራት ፓርቲሽኖች (የዲስክ ክፍሎች) ሰንጠረዥ፣ የመጨረሻዎቹ 2 ደግሞ ለማረጋገጫ ምልክት ተመድበዋል። ግረብን የመሰለ ቡትሎደር በ446 ባይት ውስጥ ሊያልቅ ስለማይችል የመጀመሪያ ቁራጩን እዚያ አስቀምጦ የቀረውን ከመጀመሪያው ፓርቲሽን በፊት በሚገኘው ባለቤት አልባ ክፍተት ውስጥ ያኖረዋል። ያ ክፍተት በየትኛውም የፋይል ዝርዝር ውስጥ አይታይም፤ ሌላ ፕሮግራም ቢጽፍበትም ከልካይ የለውም። ሰንጠረዡ የሴክተር ቁጥሮችን በ32 ቢት ስለሚመዘግብም ባለ 512 ባይት ሴክተር ዲስክ ላይ ከ2 ቴራባይት ገደማ ያለፈውን ቦታ ሊያሳይ አይችልም።

ኢንቴል በ1990ዎቹ ለአይታኒየም ፕሮሰሰር የጀመረው ኢኤፍአይ እ.ኤ.አ. በ2005 ዩኢኤፍአይ ፎረም ለተባለው የኩባንያዎች ኅብረት ከተላለፈ በኋላ አሁን በምናውቀው ስም ቀጠለ። ትልቁ ለውጥ ፈርምዌሩ ፋይል ማንበብ መቻሉ ነው። ጂፒቲ የተባለውን አዲሱን የፓርቲሽን ሰንጠረዥ ያነባል፤ ኢኤስፒ በሚል አጭር ስም የሚጠራውን የኢኤፍአይ ሲስተም ፓርቲሽን በዓይነት መለያው ይለያል፤ በውስጡ ያለውን የፋት ፋይል ሥርዓት ከፍቶም ከተነገረው ማውጫ የተነገረውን ፋይል ያነሣል። ፋይሉ በፒኢ ቅርጽ የተዘጋጀ ፕሮግራም መሆን አለበት። ይህ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች የሚዘጋጁበት ቅርጽ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባይቶቹ ኤም እና ዚ የተባሉት የላቲን ፊደላት ናቸው፤ ከኤምኤስ ዶስ ፕሮግራመሮች አንዱ የነበረው የማርክ ዝቢኮውስኪ ስም መነሻዎች። በራሴ እጅ ኮምፓይል ያደረግሁትን የሊኑክስ ከርነል በሄክስ መመልከቻ ከፍቼ እነዚያን ሁለት ፊደላት በመጀመሪያው መስመር ላይ ሳያቸው ልቤ ተነካ። ከርነሉ ፈርምዌሩ እንዲያውቀው ሲል የፈርምዌሩን ልብስ ለብሶ ይወጣል።

ፓርቲሽኑን ማዘጋጀት ብዙ አላስቸገረኝም። ኢኤስፒውን 512 ሜጋባይት አደረግሁት። ፋት32 ቢያንስ 65,525 ክላስተሮች፣ ማለትም እያንዳንዳቸው ከአንድ ሴክተር የማያንሱ የቦታ አሃዶች፣ ያስፈልጉታል፤ ስለዚህ ሴክተሩ 4096 ባይት በሆነ ዲስክ ላይ ከ260 ሜጋባይት ገደማ ያነሰ ፓርቲሽን በትክክለኛ ፋት32 ሊቀረጽ አይችልም፤ ወደፊትም ሁለትና ሦስት ከርነሎችን እዚያው ለማስቀመጥ አስቤ ነበር። መታወስ ያለበት ፓርቲሽኑን በፋት32 መቅረጽና ኢኤስፒ ማድረግ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ነው። አንደኛው የሚሠራው በፓርቲሽኑ ውስጥ ነው፤ ሁለተኛው በጂፒቲ ሰንጠረዡ ላይ የዓይነት መለያውን በመቀየር ነው። ሁለተኛውን የዘነጋ ሰው ፓርቲሽኑን ከሊኑክስ ሆኖ ያለ ችግር ይከፍተዋል፤ ሰንጠረዡን አይቶ ኢኤስፒ የሚፈልግ ፈርምዌር ግን አልፎት ሊሄድ ይችላል።

የመጀመሪያው ምሽት ያለቀው ገና ቅብብሉ ሳይጀመር ነው። ሥርዓቱን የምገነባው ከፍላሽ ዲስክ በሚነሣ ሌላ ሊኑክስ ላይ ሆኜ ነበር። ያ ፍላሽ በሁለቱም መንገድ፣ በአሮጌው ባዮስ አሠራርም በዩኢኤፍአይም፣ ሊነሣ ይችላል፤ የማዘርቦርዴ የማስነሻ ዝርዝርም አንዱን ፍላሽ ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በስሙ ብቻ፣ አንዴ ደግሞ ከፊቱ ዩኢኤፍአይ የሚል ቃል አስቀድሞ ያሳያል። እኔ ላይኛውን መርጬ ገባሁ፤ ላይኛው አሮጌው መንገድ ነበር። በዚህ መልክ የተነሣ ከርነል ከፈርምዌሩ ጋር በዩኢኤፍአይ ቋንቋ አልተዋወቀምና የማስነሻ ተለዋዋጮችን፣ ማለትም ፈርምዌሩ ምን እንደሚያስነሣ የሚመዘግብባቸውን ቅንብሮች፣ ሊያነብም ሊጽፍም አይችልም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ሲስ በተባለው ማውጫ ሥር፣ ፈርምዌር በሚለው ውስጥ፣ ኢኤፍአይ የሚል ማውጫ ካለ በዩኢኤፍአይ ተነሥተናል፤ ከሌለ አልተነሣንም። እዚያው ውስጥ የፈርምዌሩን ስፋት በ64 ወይም በ32 የሚናገር ትንሽ ፋይልም ይገኛል። ይህንን ፋይል ማየት ይገባል፤ ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር ላይ ባለ 32 ቢት ፈርምዌር የተጫነባቸው አነስተኛ ታብሌቶችና ላፕቶፖች አሉና፣ በእነርሱ ላይ የ64 ቢት ቡትሎደር በፍጹም አይነሣም።

ቀጥሎ የመጣው ግረብ ነው። ግረብን ከምንጭ ኮዱ ያለ ተጨማሪ መመሪያ ኮምፓይል ያደረገ ሰው በተራ ፒሲ ላይ የሚያገኘው ለአሮጌው ባዮስ የሚሆነውን ነው። እኔም ከሳምንት በፊት ሠርቼ የጨረስኩት እርሱን ነበር። የመጫኛውን ትእዛዝ ለዩኢኤፍአይ ብዬ ስሰጠው የጎደለ ፋይል ስም ጠርቶ ቆመ፤ የጎደለው ፋይል ለኢኤፍአይ የተሠሩት የግረብ ሞጁሎች የሚቀመጡበት ማውጫ ውስጥ መኖር የነበረበት ነው። መድረኩን ኢኤፍአይ ብዬ እንደገና ኮንፊገር አድርጌ ሠራሁት። አብረውት የሚሄዱት መሣሪያዎችም በሥርዓቱ ላይ ስላልነበሩ አንድ በአንድ ገነባኋቸው፤ ፋትን ለመቅረጽና ለመጠገን ዶስኤፍኤስ ቱልስ፣ የፈርምዌሩን ተለዋዋጮች ለመያዝ ኢኤፍአይ ቫር የተባለው ላይብረሪ፣ የማስነሻ መዝገቦችን ለማስተካከል ኢኤፍአይ ቡት ማናጀር፣ እርሱ ደግሞ የሚፈልገው ፖፕት የተባለ ትንሽ ላይብረሪ።

ከዚያ በኋላም መጫኛው የኢኤፍአይ ተለዋዋጮች በዚህ ሥርዓት ላይ አይደገፉም አለኝ። ይህ መልእክት ብዙ ሰው ያሳስታል፤ እኔንም አሳስቶኛል። ፍላሹን በትክክለኛው መንገድ አስነሥቼዋለሁ፤ ማውጫውም አለ፤ ታዲያ እንዴት አይደገፍም? መልሱ ቸሩት በተባለው፣ ከአንድ ሥርዓት ሆኖ የሌላውን ማውጫ እንደ ዋና ማውጫ ይዞ ለመሥራት በሚያስችለው አሠራር ውስጥ ነው። ወደ አዲሱ ሥርዓት በቸሩት ስገባ ሲስ የተባለውን ማውጫ አዲስ አድርጌ ማውንት አድርጌው (ይዘቱ እንዲታይ አገናኝቼው) ነበር፤ ተለዋዋጮቹ ግን የሚታዩት ኢኤፍአይ ቫር ኤፍኤስ በተባለ ራሱን የቻለ የፋይል ሥርዓት በኩል ነው፤ እርሱም በዚያ ማውጫ ሥር ለብቻው ማውንት መደረግ አለበት። ቦታው አለ፤ ውስጡ ባዶ ነው። አንዲት የማውንት ትእዛዝ ነገሩን ፈታችው፤ ግረብም ፋይሉን በኢኤስፒው ውስጥ አስቀምጦ ስሙን በማዘርቦርዱ ቋሚ ሜሞሪ ውስጥ አስመዘገበ። ሁለተኛው ምሽት በዚህ አለቀ።

ሦስተኛውን ምሽት ግን ዝርዝር አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት። የግረብ ዝርዝር መጣ፤ የሥርዓቴን ስም መረጥኩ፤ ስክሪኑ ጠቆረ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ፊደልም፣ የሚያብለጨልጭ ምልክትም የለም። ሳምንታት የደከምኩበት ነገር ፊቴ ላይ ዝም አለ። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚፈጠረው ፈተና ሁሉንም በአንድ ጊዜ መለወጥ ነው፤ ግረብን እንደገና መጫን፣ የከርነሉን አማራጮች በግምት መቀየር፣ ፓርቲሽኑን አጥፍቶ መሥራት። ሦስቱንም አስቤያቸው ነበር። ያዳነኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ዱላው እጁ ላይ የወደቀው ማን ነው?

ለማወቅ ከፍላሹ ሥርዓት የተወሰደ የተዘጋጀ ከርነል ወደ ዲስኬ ቀድቼ በዚያው ግረብ አስነሣሁት። ስክሪኑ በመልእክት ተሞላ። የራሴን ሥርዓት ይዞ አይነሣም፤ ሊነሣም አልፈለግሁም፤ ነገር ግን ፈርምዌሩና ግረብ ድርሻቸውን በትክክል እንደተወጡ አሳየኝ። ስለዚህ ችግሩ ያለው በእኔ ከርነል ውስጥ ነው። ሁለቱ የተኮነፈጉባቸውን ፋይሎች ጎን ለጎን አድርጌ ስክሪንን የሚመለከቱትን መስመሮች ሳነጻጽር ምክንያቱ ወጣ። በአሮጌው ባዮስ የተነሣ ኮምፒውተር ስክሪኑን በቪጂኤ የጽሑፍ ሁነታ፣ 80 ዓምድ በ25 መስመር፣ አዘጋጅቶ ይሰጣል፤ ከርነሉም ፊደሎቹን በሚታወቅ የሜሞሪ አድራሻ ላይ በመጻፍ ብቻ ያሳያል። በዩኢኤፍአይ ያ ሁነታ የለም። ፈርምዌሩ የሚያስረክበው የሥዕል ነጥቦች የሚጻፉበት የሜሞሪ ክፍል፣ ፍሬምበፈር የሚባለውን ነው፤ በእርሱ ላይ እያንዳንዱን ፊደል ነጥብ በነጥብ የሚሥል ድራይቨር በከርነሉ ውስጥ ከሌለ ከርነሉ ይናገራል እንጂ የሚሰማው የለም። እኔ ደግሞ ከርነሉን ስኮነፍግ የማያስፈልገኝን ሁሉ ለማስወገድ ቆርጬ ስለነበር ሲምፕል ዲአርኤም የተባለውን ድራይቨርና የፍሬምበፈር ኮንሶሉን አብሬ አውጥቻቸው ነበር። ሲምፕል ዲአርኤም ከከርነል 5.14 ጀምሮ የሚገኝና የፈርምዌሩን ፍሬምበፈር እንዳለ ተቀብሎ የሚጠቀም ነው፤ የካርዱ እውነተኛ ድራይቨር እስኪነሣ ድረስ ዓይን ሆኖ ያገለግላል። በዩኢኤፍአይ ለሚነሣ ማንኛውም በእጅ የተሠራ ከርነል ይህን ድራይቨር ሞጁል (ለብቻው ተቀምጦ በኋላ የሚጫን ፋይል) ሳይሆን የከርነሉ አካል አድርጉት ብዬ እመክራለሁ፤ በጣም ትንሽ ቦታ ይወስዳል፣ የሚያድነው ጊዜ ግን ብዙ ነው።

ሁለቱን አክዬ ከርነሉን እንደገና ሠራሁት። በዚህ ጊዜ ስክሪኑ ተናገረ፤ የተናገረው ግን ከርነሉ ዋናውን ፋይል ሥርዓት ማውንት ማድረግ አቅቶት በድንጋጤ መቆሙን ነው። ማለትም በጥቁሩ ስክሪን ጀርባ ሌላ ስሕተት ከመጀመሪያውም ተደብቆ ነበር። አንዱ ጥፋት የሌላውን ምስክር አፍ ይዞ ነበር ማለት ይቻላል። ይህንን መልእክት ያዩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን መስመር ብቻ ያነባሉ፤ የሚጠቅመው ግን ከእርሱ ቀደም ብሎ ያለው ነው። ከርነሉ ከመቆሙ በፊት የሚያውቃቸውን ፓርቲሽኖች በሙሉ ይዘረዝራል። የእኔ ዝርዝር ባዶ ነበር። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ከርነሉ ዲስኩን ጭራሽ አላየውም ማለት ነው፤ ዝርዝሩ ሞልቶ ከቆመ ግን ዲስኩን አይቶ የተሰጠውን ስም አላወቀውም ማለት ነው። በዚህች ልዩነት ስንት ሰዓት ሊተርፍ እንደሚችል የሚያውቀው የደረሰበት ሰው ነው። ዲስኬ ኤንቪኤምኢ የተባለው ዓይነት ነው፤ ድራይቨሩን ሞጁል አድርጌው ነበር። ሞጁሉ የተቀመጠው በዋናው ፋይል ሥርዓት ላይ ነው፤ ፋይል ሥርዓቱ ያለው በኤንቪኤምኢ ዲስኩ ላይ ነው፤ ዲስኩን ለማንበብ ሞጁሉ ያስፈልጋል። ኢኒትራምኤፍኤስ የተባለውን የመሸጋገሪያ ፋይል ሥርዓት የሚጠቀሙ ሥርዓቶች ሞጁሉን በእርሱ ውስጥ ይዘው ስለሚመጡ ይህ ክብ አይዛቸውም፤ እኔ ግን ያለ እርሱ ለመነሣት መርጬ ነበር። ድራይቨሩን የከርነሉ አካል አደረግሁት።

ከርነሉ ለሦስተኛ ጊዜ ተሠርቶ ተነሣ፤ ለሦስተኛ ጊዜም ቆመ። አሁን ግን ዝርዝሩ ሙሉ ነበር። ሁለቱም ፓርቲሽኖቼ ከነመጠናቸው ተጽፈዋል፤ ከእያንዳንዳቸው ጎን ደግሞ አንድ ረጅም መለያ ቁጥር አለ። ያ ቁጥር እኔ በግረብ ማዋቀሪያ ፋይል ላይ ከጻፍኩት ጋር አይመሳሰልም። ጥቂት ጊዜ አተኩሬ ከተመለከትኩት በኋላ የአራቱ ምሽቶች ቁልፍ የተገለጠልኝ ያኔ ነው። አንድ ፓርቲሽን ሁለት ዓይነት መለያ አለው። አንደኛው ዩዩአይዲ የሚባለው የፋይል ሥርዓቱ መለያ ሲሆን የተጻፈው በፓርቲሽኑ ውስጥ፣ ኤክስት4 የተባለው የሊኑክስ ፋይል ሥርዓት ሲቀረጽ ነው። ሁለተኛው ፓርትዩዩአይዲ የሚባለው የፓርቲሽኑ የራሱ መለያ ሲሆን የተጻፈው በጂፒቲ ሰንጠረዡ ላይ ነው። ግረብ ከርነሉን ሲፈልግ የመጀመሪያውን ማንበብ ይችላል። ከርነሉ ግን ያለ ኢኒትራምኤፍኤስ ሲነሣ ሁለተኛውን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ የመጀመሪያውን የሚተረጉመው በኢኒትራምኤፍኤስ ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም ነበር። ስለዚህ በአንዱ የግረብ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ፣ በሁለት ተከታታይ መስመሮች ላይ፣ ያው ፓርቲሽን በሁለት የተለያዩ ቁጥሮች መጠራት አለበት፤ በፍለጋው መስመር ለግረብ በሚገባው፣ በከርነሉ መስመር ለከርነሉ በሚገባው። ከርነሉ ከመቆሙ በፊት ቁጥሩን ከፓርቲሽኑ ጎን ጽፎ ማሳየቱ እኔ የማውቀው ስም ይህ ነው እንደ ማለት ነበር። ያን ቁጥር ከስክሪኑ ላይ በእጄ ገልብጬ በግረብ ማስተካከያ መስመር ላይ ጻፍኩት። የራሴ ሥርዓት የመግቢያ ጥያቄውን አቀረበልኝ። ሌሊቱ ተጋምሶ ነበር፤ ስሜን ጽፌ ገብቼ ምንም ሳልሠራ ለጥቂት ደቂቃ ተቀመጥኩ።

በአራተኛው ምሽት የቀረው ትንሽ ነገር ነው፤ ግን ከዚያው ዘር ነው። ሥርዓቱ ሲነሣ ኢኤስፒውን ማውንት ማድረግ አልቻለም፤ የፊደል ሰንጠረዥ አጣሁ ይላል። ፋት የፋይል ስሞችን የሚያስቀምጥበት አሮጌ የፊደል አሰጣጥ አለው፤ ከርነሉም ስሞቹን ለመተርጎም ኮድፔጅ 437 እና አይኤስኦ 8859-1 የተባሉትን ሰንጠረዦች ይፈልጋል። የፋት ድራይቨሩን አስገብቼ እነዚህን ሁለቱን ረስቻቸው ነበር። ዘይቤ አድርጌ ስናገረው የቆየሁት የፊደል ነገር እዚህ ላይ በቀጥታ፣ ያለ ምንም ዘይቤ፣ ደረሰብኝ። ፈርምዌሩ ያለ ችግር የሚያነበውን ፓርቲሽን የእኔ ከርነል ፊደሉን ስለማያውቅ ሊከፍተው አልቻለም።

ሥርዓቱ ከተነሣ በኋላ ልቤን ያሳሰበኝ የማዘርቦርዱ ሜሞሪ ነው። የማስነሻ መዝገቡ ያለው በዲስኩ ላይ ሳይሆን በማዘርቦርዱ ውስጥ በሚገኝ ኃይል ሲቋረጥ በማይጠፋ ሜሞሪ ላይ ነው። እያንዳንዱ መዝገብ በአራት አኃዝ ቁጥር ይጠራል፤ ውስጡም የፓርቲሽኑን የጂፒቲ መለያና የፋይሉን መንገድ ይይዛል። ስለዚህ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ሰው መዝገቡን ይዞ አይሄድም፤ የፓርቲሽን ሰንጠረዡን እንደ አዲስ የሚሠራ ሰውም መለያው ስለሚቀየር መዝገቡን ሳያውቅ ያመክነዋል። ዲስኩ ለአንድ ጊዜ ሲነቀል መዝገቡን ከነአካቴው የሚሰርዙ ፈርምዌሮችም አሉ። ለዚህ ሁሉ መስፈርቱ ራሱ መጠባበቂያ አስቀምጧል። ፈርምዌሩ የሚሠራ መዝገብ ካጣ በኢኤስፒው ውስጥ፣ ኢኤፍአይ በሚለው ማውጫ ሥር፣ ቡት በሚለው ውስጥ፣ ቡትኤክስ64 የተባለውን ፋይል ይፈልጋል። ግረብን ለተነቃይ ዲስክ እንደሚሆን አድርጎ የመጫን አማራጭ ፋይሉን በዚህ ስም ያስቀምጠዋል፤ ፈርምዌሩን ምንም ማስመዝገብ አያስፈልግም። እኔ ዲስኩ ተነቃይ ባይሆንም ይህን አደረግሁ። በአንድ ኮምፒውተር ላይ አንድ ሥርዓት ብቻ ላለው ሰው ከሁሉም አስተማማኙ መንገድ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከእነዚህ ተለዋዋጮች ጋር ስለሚደረግ ጥንቃቄም አንድ ነገር ማንሣት አለብኝ። ተለዋዋጮቹ እንደ ፋይል ሆነው ስለሚታዩ እንደ ፋይል ሊሰረዙም ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከዋናው ማውጫ ጀምሮ ሁሉንም ፋይል የሚያጠፋ ትእዛዝ የሰጡ ሰዎች ተለዋዋጮቹንም አብረው ስላጠፉ አንዳንድ ላፕቶፖች ከነጭራሹ መነሣት አቅቷቸው ነበር፤ ያለ እነርሱ ሊሠራ የማይችል ፈርምዌር ነበራቸውና። በዚያው ዓመት የወጣው ከርነል 4.5 ለሥራው ከሚታወቁት ጥቂቶች በቀር ተለዋዋጮቹ በቀላሉ እንዳይሰረዙ የማይለወጡ የሚል ምልክት እንዲደረግባቸው አደረገ። ቢሆንም በቸሩት ውስጥ ሥራዬን እንደጨረስኩ ያንን ፋይል ሥርዓት ወዲያው ማላቀቅ ልማድ አድርጌዋለሁ።

አንድ ወር ያህል በዚህ መልክ ከሠራሁ በኋላ ቅብብሉን ላሳጥር ወሰንኩ። ከርነሉ ከ3.3 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2012 ወዲህ፣ ኢኤፍአይ ስተብ የሚባል ክፍል በራሱ ላይ ሊይዝ ይችላል። ቀደም ሲል የተናገርኩት የኤም እና የዚ ፊደላት የመጡት ከዚሁ ነው። ይህ ክፍል ያለው ከርነል ለፈርምዌሩ ተራ የኢኤፍአይ ፕሮግራም ስለሆነ በቀጥታ ሊነሣ ይችላል፤ ግረብ አያስፈልግም። ፋይሉን ወደ ኢኤስፒው መቅዳትና መዝገብ መፍጠር ይበቃል። መዝገቡን ሲፈጥሩ የዲስኩን ስም መጥራት ግን መዘንጋት የለበትም፤ መሣሪያው ካልተነገረው የሚወስደው በአሮጌው አሰያየም የመጀመሪያ የሆነውን ዲስክ ነው እንጂ ኤንቪኤምኢውን አይደለም። ለከርነሉ የሚሰጠው የትእዛዝ መስመር በመዝገቡ ውስጥ ሊጻፍ ይችላል፤ አንዳንድ ፈርምዌሮች ግን በመንገድ ላይ ስለሚጥሉት እኔ መስመሩን ኮምፓይል በሚደረግበት ጊዜ በከርነሉ ውስጥ እንዲቀበር አደረግሁ። ከሯጮቹ አንዱ ቀነሰ፤ ከእርሱ ጋርም አንድ ማዋቀሪያ ፋይልና አንድ ዓይነት ስም ተወገዱ። ፈርምዌሩም ከርነሉም አሁን የሚጠሩት በጂፒቲው ላይ የተጻፈውን መለያ ብቻ ነው። ግረብን ግን አላጠፋሁትም። በመጠባበቂያው መንገድ ላይ እንዳለ አለ፤ ሁሉ ነገር ሲበላሽ በእጅ ትእዛዝ የሚጽፉበት ቦታ የሚሰጥ እርሱ ነውና።

ሴኪዩር ቡት የተባለውን ጥበቃ በዚያ ጊዜ አጥፍቼው ነበር፤ በእጅ የተሠራ ከርነል ፈርምዌሩ የሚያምነው ፊርማ ስለሌለው ጥበቃው በርቶ ቢሆን አይነሣም ነበር። የራስን ቁልፎች አመንጭቶ በፈርምዌሩ ውስጥ ማስገባትና ከርነሉን በእነርሱ መፈረም ይቻላል፤ ስተብ ላለውና የትእዛዝ መስመሩ በውስጡ ለተቀበረ ከርነል ደግሞ ይህ በተለይ ይስማማዋል፤ ፊርማው ከርነሉንም ለእርሱ የሚነገረውንም አብሮ ይሸፍናልና። መጀመሪያ ያለ ጥበቃው ማስነሣት፣ ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ ጥበቃውን ማብራት ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይመስለኛል፤ ሁለቱን በአንድ ላይ የጀመረ ሰው ጥቁር ስክሪን ሲያይ የከለከለው ፊርማው ይሁን የጎደለ ድራይቨር የሚለይበት መንገድ የለውም።

አሁን ከርነል ስቀይር የማደርገው እንዲህ ነው። አዲሱን ከርነል በአሮጌው ላይ ሳልጽፍ በሌላ ስም ወደ ኢኤስፒው እቀዳዋለሁ፤ አዲስ መዝገብ እፈጥርለታለሁ፤ መዝገቡን ግን በማስነሻ ተራው ራስ ላይ አላወጣውም። ከዚያ ይልቅ ቡት ኔክስት የተባለውን ተለዋዋጭ በአዲሱ መዝገብ ቁጥር እሞላዋለሁ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ፈርምዌሩ ያንን ተለዋዋጭ አንብቦ ይሰርዘውና አዲሱን ከርነል ለአንድ ጊዜ ብቻ ያስነሣል። ስክሪኑ ቢጠቁር ወይም ከርነሉ ቢቆም ኃይሉን አጥፍቼ ማብራት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ፤ አሮጌው ከርነል በተራው ይነሣል። አዲሱ በደኅና ከተነሣና ኢኤስፒውን፣ ኔትወርኩንና ድምፁን ካረጋገጥኩ በኋላ ከተራው ራስ አስቀምጠዋለሁ፤ የቀደመውን ሁለተኛ አደርገዋለሁ፤ ሦስተኛ የነበረውን ከመዝገቡም ከኢኤስፒውም አወጣዋለሁ።